ድምፁን ዘግተን ያየነው ፍጻሜ

ለክብርት ባለቤቴ ለወይዘሮ አስካለ፣

ከሁሉ አስቀድሞ፣ በግቢያችን ውስጥና ከግቢያችን ውጭ ለሚገኙ ሰዎች፣ በጎችና ዶሮዎች በሙሉ የተሰጠ መግለጫ፦ ድመቷ ተመልሳለች። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ጎረቤታችን በለጡ ቤት ተሰዳ የከረመችው ግራጫዋ ድመት፣ ባለፈው እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ምንም ዓይነት ይቅርታ ሳትጠይቅ በበሩ ገብታ፣ መደቡን ረግጣ፣ እንደ ድሮዋ ቴሌቪዥኑ ላይ ወጥታ ተኝታለች። ጤንነቷ የተሟላ ነው። ወፍራለች። የበለጡን ቅቤ ማን ሲበላው እንደከረመ አሁን ለሁሉም ግልጽ ሆኗል። መግለጫው እዚህ ላይ አበቃ።

እንዴት ሰነበትሽ እንዳልልሽ፣ የሰነበትኩት እኔ ነኝ። አስኩዬ፣ ከተለያየን ዓመት ሞላን። ገብሱ ሲታጨድ ሄደሽ፣ ይኸው ደግሞ የዘንድሮው ገብስ ታጭዶ ተከመረ። ሙት ዓመትሽን ባለፈው ቅዳሜ አወጣን። ካህናቱ ጸሎታቸውን አደረሱ፣ ሰው በላ፣ ጠጣ፣ የልጃችን የዘነበች ጠላም ተመሰገነ። እኔም አብሬ አመሰገንኩ። ካንቺ ጠላ ጋር ግን በሩቁም አይተዋወቅ። ይቺን በመካከላችን ያዢያት፤ ይሄን ደብዳቤ አስተካክላ የምትጽፍልኝ እሷው ስለሆነች አሁን ሳታኮርፍ አትቀርም።

የድመቷን ነገር እንዲሁ ለጨዋታ ያመጣሁት እንዳይመስልሽ። ያ ጀርባ ወፍራሙ ቴሌቪዥናችን አሁንም አለ። ዘነበች ከደብረ ብርሃን በመጣች ቁጥር፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ስሱን ላምጣላችሁ ስትል፣ አንቺ “ድመቷስ የት ልትተኛ ነው?” እያልሽ አፏን ስታስይዣት ኖርሽ። እውነትሽን ነው። የጓሳ ነፋስ በቆርቆሮው ሥር ሲገባ፣ በዚህ ቤት ከምድጃው ቀጥሎ የሚሞቅ ነገር ቢኖር የቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው። አንቺ ያረፍሽ ዕለት ግን ለቀስተኛው ገና ሳይሰበሰብ በለጡ ገብታ፣ ጥቁሩን ነጠላሽን አንስታ ቴሌቪዥኑን ሸፈነችው። ኀዘን የገባበት ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም፤ የአገራችን ደንብ ነው። ድመቷ ጥቂት ቀን ጠበቀች። ጀርባው አልሞቅ ቢላት ተነሥታ ሄደች። ከኀዘንተኛው ሁሉ ቀድማ የወጣችው እሷ ናት።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሰጠሽኝን አደራ ተወጥቻለሁ። ዘነበች ደብዳቤውን ሌላም ሰው ያነበዋል ስላለችኝ፣ አንቺ የምታውቂውን ትንሽ ልድገመው፤ ታገሺኝ።

እኔና አንቺ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ምሳችንን በልተን፣ ያንን የፖሊሶቹን ድራማ እናያለን። የባሕር ማዶ ነው። አባትም ፖሊስ፣ ልጆቹም ፖሊስ። ንግግሩ በአማርኛ ተመልሶ ስለሚመጣ፣ አፋቸው ሌላ ይላል፣ ድምፃቸው ሌላ። ሲጀመር የመጀመሪያው የልጅ ልጃችን ጡት አልጣለም ነበር፤ ሲያልቅ ጢሙን ይላጭ ነበር። የሰዎቹ ስም ለምላስ ስላልተመቸሽ ለሁሉም እንደገና ስም አወጣሽላቸው። አባትየው ኮማንደር ይፍሩ ሆነ። በኩሩ መርማሪ ደጀኔ፣ ሴቷ ሳጅን አየለች፣ የመጨረሻው ልጅ ደግሞ ማሙሽ። ሌባው ምንም ሆነ ምን፣ ክፍሉ ሁልጊዜ የሚያልቀው በአንድ ነገር ነው፤ ቤተሰቡ ኮማንደሩ ቤት ረጅሙን ጠረጴዛ ከቦ ሾርባ ይጠጣል።

አንቺ ሌባው ተያዘ አልተያዘ ግድ አልነበረሽም። ያንቺ ዓይን ሳህኑ ላይ ነበር። “እያቸው እስቲ፣ ከአንድ ማሕፀን የወጡ ሰዎች በየሳህናቸው! ይሄ ሰውዬ ልጆቹን አንድ ቀን አጉርሶ ያውቃል? ታዲያ እንዴት ይስማሙ!” ትዪ ነበር። ማሙሽ ከአባቱ ተጣልቶ፣ የደንብ ልብሱን አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ፖሊስነቱ ይቅርብኝ ብሎ የወጣ ዕለት፣ “አላልኩም?” ብለሽ ወደኔ ዞርሽ፤ ሳህኖቹን የገዛኋቸው እኔ ይመስል። ከዚያ በኋላ ስንት ክረምትና በጋ አለፈ፣ ሾርባው በቀረበ ቁጥር የማሙሽ ወንበር ባዶውን ነው። አባትየው አየት ያደርገውና ማንኪያውን ያነሣል። “ምን ዓይነት አገር ነው? ይሄን ሁሉ ፖሊስ ሰብስበው አንድ ሽማግሌ አጡ?” ስትዪ ትዝ ይለኛል። አንድ ጊዜ የጠፋ በግ ሊጠይቅ የመጣውን እውነተኛ ፖሊስ እንኳ አስቀምጠሽ፣ በሶ በጥብጠሽ አቅርበሽ፣ ከአባቱ ጋር በአንድ ገበታ ይበላ እንደሆነ መረመርሽው። ልጁ እንደሚበላ ምሎልሽ ሄደ። የበጉን ነገር ሳይጠይቅ።

ማሙሽ ገና ፖሊስ ሳለ ትከሻውን በጥይት የተመታ ጊዜስ? ክፍሉ እሱ አልጋ ላይ እንደተጋደመ አለቀ። ይሙት ይዳን የሚነግርሽ ጠፋ። ተነሥተሽ የነፍስ አባታችን መምሬ ጥላዬ ዘንድ ሄደሽ “አንድ ልጅ ቆስሏል፣ በጸሎት ያስቡልኝ” አልሻቸው። “የክርስትና ስሙ ማነው?” አሉሽ። ከየት ይምጣ! ሰውየው እንኳን የክርስትና ስም ሊኖረው፣ ማሙሽ መባሉንም አያውቅ። ጨነቀሽና የኔን ሰጠሻቸው። መምሬ ሳምንቱን ሙሉ ቁስሉን አድርቅለት እያሉ ስለ ወልደ ሥላሴ ጸለዩ። በሚቀጥለው እሑድ ማሙሽ ተነሥቶ ሄደ። የኔም ጉልበት ያን ሰሞን ዳገት አልፈራም። ነገሩ ሲወጣ መምሬ ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው “ለመሆኑ ልጁ ተሻለው?” ብለው ጠየቁ።

አንድ ደግሞ የሁለታችን ብቻ የሆነ ጨዋታ ነበረን። ለቅሶ ወይ ማኅበር ሄደሽ ክፍል ሲያመልጥሽ፣ እኔ አይቼ እነግርሻለሁ። ስነግርሽ ታዲያ በመካከሉ አንዲት የራሴን ሸጉጬ ነው። እንደምሸጉጥ ታውቂያለሽ፤ እንደምታውቂም አውቃለሁ። እንዝርትሽን እያሾርሽ ዝም ብለሽ ትሰሚኛለሽ፤ ስጨርስ “የትኛዋ ናት ያንተ?” ትይና፣ መልሴን ሳትጠብቂ ጣትሽን ትቀስሪያለሽ። “ሳሙናው!” አልሽ ኮማንደሩን ሳሙና አንሸራቶት ወደቀ ያልኩሽ ዕለት። “በቅሎዋ!” አልሽ አየለች ሌባውን በበቅሎ አሳደደችው ያልኩሽ ዕለት፤ እሷ እንኳ ቀላል ነበረች። አንድም ቀን አምልጬሽ አላውቅም።

በመጨረሻው ሰሞን፣ አንቺ ከአልጋ መነሣት ሲያቅትሽ፣ ድራማው ሊያልቅ ነው ተባለ። አንድ ቀን ከሰዓት እጅሽን አውጥተሽ ጠራሽኝ። ልጆቹ ልትናዘዢ መስሏቸው ዙሪያሽን ከበቡ። አንቺ ዓይንሽን እኔ ላይ አድርገሽ፣ “ማሙሽና አባቱ ታርቀው እንደሆነ አይተህ ንገረኝ። አደራ” አልሽ። ዘነበች እያለቀሰች ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሰው መሬት ይናዘዛል፣ ከብት ይናዘዛል፤ ሚስቴ ማሙሽን ተናዘዘችልኝ።

እንግዲህ ጭንቄን አስቢው። አደራሽ በአንድ በኩል፣ በነጠላሽ የተሸፈነው ቴሌቪዥን በሌላ በኩል። ዓመቱ እስኪሞላ ልጠብቅ ብል ድራማው ያልቃል። ልክፈተው ብል “ሚስቱን ቀብሮ ሳይውል ሳያድር ቴሌቪዥን ከፈተ” ልባል ነው፤ እኔስ ይሁን፣ ልጆቻችን ዘመሮ ገበያ ላይ ቀና ብለው አይሄዱም። አርባሽ እንደወጣ መምሬ ጥላዬ ዘንድ ሄድኩ። “አባቴ፣ ሟች የተወችልኝ አደራ አለ” አልኳቸው። “መሬት ነው?” አሉኝ። አይደለም አልኳቸው። “ስእለት ነው?” አይደለም። “ታዲያ ምንድን ነው?” “ማሙሽ ነው” አልኳቸው።

መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። በመጨረሻ “ኀዘን ቤት የሚከለከለው ዘፈንና ጩኸት ነው። ዓይን ግን አልተከለከለም። ድምፁን ዘግተህ እይ” አሉኝ። በሩን ስወጣ መልሰው ጠሩኝ። “ሲታረቁ ለኔም ንገረኝ” አሉ።

እንደዚህ ሆነና፣ ነጠላሽን ሳላነሣ ከፊት ለፊቱ ብቻ እንደ መጋረጃ ገለጥ አድርጌ፣ በሳምንት ለዚያች አንድ ሰዓት ብቻ፣ የፖሊሶቹን ቤት በዝምታ ማየት ጀመርኩ። የመጀመሪያው እሑድ ላይ በለጡ መጣች። “ጋሼ፣ እኔ ለማየት አይደለም፤ ድምፅ እንዳይከፈት ልጠብቅ ነው” ብላ ከሁሉ ፊት ተቀመጠች። ጠባቂያችን ከዚያ ወዲያ አንድም እሑድ አልቀረች፤ ከምሳ በፊት የመጣችበትም ጊዜ አለ። ቀጥሎ ደምሴ መጣ። ጆሮው ከድቶት እሑድ እሑድ “ምን አለ? ምን አለች?” እያለ፣ አንቺ ጆሮው ሥር ስትጮሂለት የኖርሽው ደምሴ። አሁን ሁላችንም ደምሴ ሆንን። እሱ ግን ፊት ማንበብ የለመደ ነኝ ብሎ ከሁላችን በላይ ተኮፈሰ፤ ዞር ብሎም “ምን አለ በሉኝ እንጂ!” ይለናል፣ እንደ መምህር።

አንድ እሑድ አንድ ሸጋ ሰውዬ አየለችን አስቁሞ ብዙ አወራት። “ሊያገባት ነው፤ እያት ስትሽኮረመም” አለች በለጡ። “የለም፣ ፈቃድ እየጠየቃት ነው፤ ዘመድ ሞቶበታል” አለ ደምሴ። በሚቀጥለው እሑድ ሰውየው በካቴና ታስሮ ቀረበ። በለጡ “ወይኔ፣ ሙሽራው!” ብላ ጉንጯን ያዘች። ደምሴ “ለቅሶ ሳይደርስ ያዙት” አለ። አንዳቸውም አላፈሩም። አስኩዬ፣ ከቀብርሽ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት ያን ዕለት ነው። ስስቅ በለጡ በነጠላዋ ጫፍ መታ አደረገችኝ፤ ድምፅ ተከልክሏል ብላ።

ሊያልቅ ነው የተባለው ድራማ ሊያልቅ ነው፣ ሊያልቅ ነው እየተባለ እስከ ክረምት ተጎተተ። የመጨረሻው ክፍል ዕለት ዘነበችም መጥታ ነበር። መምሬ አልገቡም፤ ግን በዚያ ጭቃ በደጃችን ደጋግመው ሲያልፉ አይቻቸዋለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው፣ ድምፁን ብንከፍተውም አንሰማም ነበር። እነሱም ዘንድ ይዘንባል።

አሁን ጆሮሽን ስጪኝ። ማሙሽ አባቱ በር ላይ ቆሟል። ጎን ጎኑን ሸብቷል። ቀጭን ኮት ነው የለበሰው፤ ብታዪው ብርድ ይመታዋል ብለሽ የበግ ጠጉር ባናሽን ልታለብሺው ትነሺ ነበር። አየለች ከፈተችለት። ቤተሰቡ ጠረጴዛውን እንደከበበ ነው። ሁሉም ማንኪያውን አስቀመጠ። ኮማንደር ይፍሩ አልተነሣም። ልጁን አየው፤ ሳህኑን አየ፤ ደግሞ ልጁን አየው። እኔ በዚህ ጊዜ መደቡ ላይ፣ አንቺ ትቀመጪበት በነበረው በኩል፣ እጄን ባናሽ ላይ አሳርፌ ነበር። ይሄ ሰውዬ ዛሬም እንደ በፊቱ ማንኪያውን ያነሣ እንደሆን፣ ላንቺ ምን ብዬ ልናገር ነው እያልኩ ነበር። ለራሴ ልጅ እንደዚያ አልተጨነቅሁም።

ተነሣ። ያን ባዶ ወንበር ራሱ ሳበው። ማሙሽ ተቀመጠ። አባትየው አንድ ነገር አለው፤ አጭር ናት፤ ከንፈሩ ተነቃነቀ ከማለት በቀር ምንም አይባልም። ማሙሽ አንገቱን ደፋ። ይፍሩ ሳህኑን በልጁና በራሱ መካከል ገፋ አደረገው። ዳቦ ቆረሰ፣ ሾርባው ውስጥ ነከረው፣ በእጁ አጎረሰው። ማሙሽ አፉ እንደሞላ ሳቀ። ከዚያ የሠሪዎቹ ስም ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

ታርቀዋል፣ አስኩዬ። አደራሽ ይኸው።

አባትየው ያላት ቃል ምን እንደሆነች እስከ ዛሬ አልተስማማንም። በለጡ “ይቅር በለኝ ነው ያለው” ትላለች። ደምሴ “ሾርባው ቀዘቀዘ” ነው ባይ ነው። መምሬ ዘንድ ሄጄ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና “ልጄ ብሎት ይሆናል። ያ ይበቃል” አሉ። ባለፈው እሑድ ዘነበች ነጠላሽን አጥባ፣ አጣጥፋ ሣጥንሽ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ቴሌቪዥኑንም ከነድምፁ ከፈተችው። ሲለፈልፍ ቆይቶ ጀርባው ሞቀ፤ ድመቷም ያን ሰምታ ነው የመጣችው። ዘነበች ደግሞ “አባዬ፣ የመጨረሻውን ክፍል ስልኬ ላይ አግኝቼልሃለሁ። በድምፁ ስማው፣ ይገላገሉ” አለችኝ። ይቅር አልኳት። አንቺ ያልሰማሽውን እኔ ብሰማው ምን አገኛለሁ? ደግሞስ በለጡና ደምሴ ምን ይዘው ሊከራከሩ ነው?

እሑድ እንደ ድሮው ነው። ሰው ይመጣል፣ በአንድ ገበታ ይበላል፣ ማንም በየሳህኑ የለም። ዘነበች በመጣች ጊዜ ባናሽን ደርባ አንቺ ቦታ ላይ ትቀመጣለች፤ መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፣ አሁን ግን ከጎን ሳያት ደስ ይለኛል። በፖሊሶቹ ፋንታ አሁን የሐኪሞች ድራማ መጥቷል። እነሱም አይስማሙም። ስም የሚያወጣላቸው ስለሌለ ግን እስካሁን በየራሳቸው ስም ነው የሚጠሩት፤ ምላሳችን አለቀ።

አሁን ልጨርስ ነው። ጣትሽን ከቀሰርሽ እንደቆየሽ አውቃለሁ። “ጉርሻው!” ብለሻል። አዎ፣ ጉርሻው ነው። ሰውየው ሳህኑን መሃል ገፋ፣ ልጁ ማንኪያ አነሣ፣ ሳቀ፤ ያየሁት ይሄንን ነው። መቁረሱም፣ መንከሩም፣ ማጉረሱም የኔ ነው። እሱ ካላጎረሰ ብዬ እኔ አጎረስኩለት። በለጡ ያን ሰዓት በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ታለቅስ ነበር፣ ደምሴ መነጽሩን ይጠርግ ነበር፣ ዘነበች ጓዳ ነበረች። ስነግራቸው ሁሉም አመኑኝ፤ ዘነበችም እውነቱን የምታውቀው ገና ይሄን ስትጽፍ ነው። ማመን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በለጡ ዛሬ “እመቤቴን! ሲያጎርሰው በዓይኔ አይቻለሁ” ብላ ትምላለች። ደምሴ በየትኛው እጁ እንዳጎረሰው ጭምር ያሳያል። መምሬ ጥላዬም ባለፈው እሑድ ስለ እርቅ ሲያስተምሩ፣ አንድ የባሕር ማዶ ሹም ልጁን በገዛ እጁ አጉርሶ እንደታረቀ በዐውደ ምሕረት ላይ ተናገሩ። ሕዝቡ እልል አለ። እኔ ጥግ ቆሜ ጋቢዬን አፌ ላይ ያዝኩ።

ከክረምቱ ጀምሮ አንድ ሰው “የትኛዋ ናት ያንተ?” ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። የሚለኝ ጠፋ። ቢሆንም ልማዴን አልተውኩም፣ አልተውምም። ምንም ነገር ሳወራ አንዲት የራሴን እሸጉጣለሁ፤ ስጨርስም ጣትሽን ለመቀሰር የሚበቃሽን ያህል ትንሽ ዝም እላለሁ። ሰዎቹ ሽማግሌው ነገሩን ረሳው ብለው ይጠቃቀሳሉ።

አልረሳሁም።